ወጌሻዋን ያሸ እጅ

ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት ውስጥ እግሩ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀበት፣ አንገቱ አልዞር ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያንኳኳው የዓሊማን በር ነው። ዓሊማ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወጌሻነቱን የወረሰችው ከአባቷ ነበር። እሳቸው ከአፋር በረሃ ግመል ነድተው ለሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀር የሚተርፉ፣ የሰውንም የእንስሳንም አጥንት በጣታቸው ጫፍ የሚለዩ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ሲያስተምሩ ዓይኗን በሻሽ አስረው የፍየል እግር ያስይዟትና የት ላይ እንደተጎዳ ይጠይቋት ነበር። ዓይን ይሸወዳል፣ ጣት ግን አይሸወድም ይሏት ነበር። እንዲያ አድጋ፣ አግብታ፣ አምስት ልጆች ወልዳ፣ ባሏንም ቀብራ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው እግር ስታሽ ኖራለች።

ታዲያ ባለፈው ዓመት፣ ማሽላው ተሰብስቦ አገዳው በየግቢው በተከመረ ሰሞን፣ የራሷ እግር ከዳት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ማለዳ ለሱብሂ ሶላት ስትነሳ ነው። ከአልጋዋ ወርዳ የመጀመሪያውን እርምጃ ስትረግጥ ቀኝ ተረከዟን የግራር እሾህ የወጋት መሰላት። ግድግዳ ተደግፋ፣ እግሯን ገልብጣ፣ በጣቷ ዳበሰችው። ምንም የለም። ጥቂት ስትራመድ ቀለል አላት፤ ትንሽ ተቀምጣ ስትነሳ ግን ያው ተመልሶ መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። ወር ሳይሞላ ከጓዳ እስከ ደጅ መሄድ ራሱ ጥርስ የሚያስነክስ ሆነ።

ዓሊማ ሰው ላይ የምታደርገውን ሁሉ በራሷ ላይ አደረገች። ቅቤ አሙቃ ቀባች፣ በጨው ውሃ ዘፈዘፈች፣ አሸች። የሌላ ሰው እግር ሲሆን ጣቷ መንገዱን ያውቀዋል። የራሷን ስትይዝ ግን ጣቷ ጫን ሲል እግሯ ይሸሻል፣ እግሯ ሲሸሽ ጣቷ ይራራል። ጎረቤቷ አስረሳሽ የመንገድ ድካም ብቻ መስሏት ልታሻት ሞክራ ነበር፤ እሷም ደህና ሴት ናት እንጂ እጇ የሊጥ እጅ ነው። ሰው እንዳያውቅባት መጠንቀቁ ደግሞ ሌላ ሥቃይ ሆነ። ወጌሻዋ አነከሰች ከተባለ ነገ ማን እግሩን ይሰጣታል? በሽተኛ ሲመጣ ቀድማ ትቀመጣለች፤ እስኪሄድም አትነሳም።

ያጋለጣት ልጇ ጀዊሪያ ናት። ጀዊሪያ ቆቦ ከተማ ጨርቅ የምትነግድ፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ለዒድ መጥታ አድራ ጠዋት እናቷ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ግቢውን ስታቋርጥ አየቻት። ቁርስ አቀረበች። ከበሉ በኋላ፣ ቆቦ ሆስፒታል ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳለች፣ እሷም እንደ ዓሊማ በእጇ የምትሠራ እንደሆነች ነገረቻት። ዓሊማ ሳቀች። ወጌሻ ወጌሻ ጋ ሲሄድ ታይቶ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች።

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሽ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ" አለቻት ጀዊሪያ።

ዓሊማ ተነስታ ሻሿን አሰረች። ለአስረሳሽ የልጅ ልጆቿን ልታይ እንደምትሄድ ነግራ ከልጇ ጋር ቆቦ ወረደች።

ክፍሉ ከሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ያለ፣ አንድ አልጋና አንድ ትንሽ ደረጃ መሰል ሳጥን ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለሙያዋ ሔራን ትባላለች። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የወልዲያ ልጅ ናት፤ ቆቦ ከመጣች ሁለት ዓመቷ። ዓሊማ ከፊቷ በፊት እጇን አየች። ቀጭን፣ ጥፍሩ ከሥጋው እኩል የተቆረጠ እጅ ነው። ይህ ደግሞ ምን ያሽ ብላ በልቧ ናቀችው።

ሔራን ግን ለማሸት አልቸኮለችም። መጀመሪያ አስኬደቻት። ከዚያ በአንድ እግሯ አቆመቻት፣ ቀጥሎ ተረከዟን አንስታ በጣቶቿ እንድትቆም አደረገቻት፤ ዓሊማ ሁለት ጊዜ እንኳ ሳትደግመው ባቷ ተንቀጠቀጠ። የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ማታ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል ወይ፣ ስኳር አለባት ወይ፣ መደንዘዝ አለ ወይ እያለች ጠየቀች። አባቷም ሳያስኬዱ እጃቸውን አያሳርፉም ነበርና ዓሊማ ይህን በልቧ መዘገበችላት።

አልጋው ላይ ስትተኛ ዓሊማ አፈረች። ተረከዟ የቆላ መሬት ያረሰው፣ ንቃቃቱ ጣት የሚያስገባ ነው። በቀሚሷ ጫፍ ልትሸፍነው ስትል ሔራን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀችና ጀመረች።

የጀመረችው ከተረከዝ አልነበረም። ዓሊማን መጀመሪያ የገረማት ይህ ነው። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ በቀጥታ ወደ ታመመው ቦታ ነበር የምትሄደው፤ ይህቺ ግን ባቷን ያዘች። ቀስ ብላ ከላይ ወደ ታች እየፈተሸች ወረደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። "እዚህ ጋ?" አለች። ዓሊማ ራሷን ነቀነቀች። ያቺ ቦታ ሕመም እንዳላት ዓሊማ ራሷ አታውቅም ነበር። ሔራን አውራ ጣቷን አሳረፈች፣ ጫን አለች፣ ከዚያ ጠበቀች። አትፈትግም፣ አትቸኩልም። ሥጋው ራሱ ላላ እስኪል ድረስ ትጠብቃለች፤ ሲላላ ትንሽ ትከተለዋለች፤ ደግሞ ትጠብቃለች።

ዓሊማ ዓይኗን ጨፈነች። ሕመሙን ትታ እጁን ማዳመጥ ያዘች። ሔራን ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደች። በአንድ እጇ ተረከዟን ደግፋ፣ በሌላው ከፊት በኩል ያለውን አጥንት ወደ ኋላ እየገፋች ለቀቅ፣ እየገፋች ለቀቅ አደረገችው። ኃይል አልነበረውም፤ ልክ ግን ነበረው። የት ድረስ መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ፣ ከዚያ አንዲት ጸጉር ታህል የማያልፍ እጅ ነው። መጨረሻ ላይ የእግሯን አውራ ጣት ወደ ላይ አጥፋ፣ ውስጥ እግሯን ከተረከዙ ጀምራ በረጅሙ አሸችው። ሥቃዩ አለ፤ ሆኖም ዓሊማ እግሯን አላሸሸችም። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ ነክቷት አያውቅም። ጠባቡ ክፍል ውስጥ ተጋድማ፣ ለልጅነት የምትደርሳት ልጅ አርባ ዓመት የሠራችበትን ሙያ እንዲህ ስትሠራው ስታይ ያደረባት ቅናት አልነበረም። ጥሩ በሬ ጠምዶ እንደሚያርስ ገበሬ፣ ዳር ቆማ ብታየው የማትጠግበው ዓይነት ነገር ነው።

ስትነሳና ስትረግጥ ሕመሙ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። "አልሃምዱሊላህ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ መደበቁ አላስችል አላትና እሷም ወጌሻ እንደሆነች ነገረቻት። ሔራን ጠርጥራ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ያዳመጠች በሽተኛ እስካሁን ስላልገጠመቻት።

"እስቲ ንገሪኝ ልጄ" አለች ዓሊማ፣ እንደ ባልንጀራ። "ጅማቴ ወዴት ዞሮ ነበር? ከየት መለስሽው?"

ሔራን የአልጋውን አንሶላ ማስተካከል ያዘች። እውነቱን ልንገር ወይስ ላሳልፈው እያለች እንደነበር ዓሊማ በኋላ ነው የገባት።

"እማማ፣ ጅማትዎ ከቦታው አልተነሳም" አለቻት። "እኔም ወደ የትም አልመለስኩትም።"

ዓሊማ ፊቷ ተለወጠ። ቤቷ ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችው ያንኑ ነው። ጅማትህ ዞሯል፣ ቢስሚላህ፣ ይኸው መለስኩልህ። አባቷም ያሉት ያንኑ ነው። ሔራን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት ደጅ ያለው ተረኛ በሩን አንኳኳ። ቤት የምትሠራውን እንቅስቃሴ በሥዕል የያዘ ወረቀት ሰጥታት ለሳምንት ቀጠረቻት። ዓሊማ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና አመስግና ወጣች። በቀጠሮው ቀን አልሄደችም።

ከታሸች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተረከዟ እንደገና ወግቷት ነበር። ዓሊማ ብቻዋን ስቃ፣ ይኸውልሽ የተማሩት እጅ፣ ብላ ለራሷ ተናገረች። ነገር ግን ያናደዳት የሕመሙ መመለስ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቁጭ ብላ ያሸቻቸውን ሰዎች ታስብ ጀመር። በሠርጓ ዋዜማ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ተሸክመው ያመጧት የጎብዬዋ ሙሽራ ነበረች። ፍሬን መርገጥ አቅቶት መኪናውን መንገድ ዳር ያቆመው ሹፌርም ነበር። ቆመው ሄደዋል። ጅማታቸው ካልዞረ ታዲያ ምን ነበር የመለሰችላቸው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ጥያቄ እንደ ጥርስ ሕመም ይዛው ዞረች።

በአራተኛው ሳምንት ካሳ መጣ። ካሳ ከሮቢት ወጣ ብሎ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ሃምሳን ያለፈ ገበሬ ነው። ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አብጦ፣ ቀልቶ፣ ጫማ አልገባ ብሎታል። ቦዩን ሲሻገር ወለም ብሎት እንደሆነና ሽንኩርቱ ውሃ ስለሚፈልግ ዛሬውኑ አሽታ እንድትለቀው ጠየቃት። ብዙም አያመኝም አለ።

ዓሊማ እግሩን ጭኗ ላይ አደረገች። እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። አውራ ጣቷን እብጠቱ መሐል ላይ ጫን አደረገች፤ ማንም ሰው ቢሆን ጣሪያ የሚነካበት ቦታ ነው። ካሳ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወራ ነበር። ወሬው አልተቋረጠም። የበለጠ ጫነች። አሁንም ያወራል። ወደ ውስጥ እግሩ ስትወርድ ጣቷ ሻካራ ነገር አገኘ፤ ገልብጣ ስታየው አጥር ላይ የሚታሰር ሽቦ ቁራጭ ሥጋው ውስጥ ተሰክቷል። ዙሪያው ከተመረዘ ቀናት አልፈውታል። ካሳ ሲያየው እሱም ደነገጠ፤ መቼ እንደገባ አያውቅም።

ዓሊማ እጇን አነሳች። ስኳር አለብሽ ወይ፣ መደንዘዝ አለ ወይ ብላ ሔራን የጠየቀቻት ትዝ አላት።

"ካሳ፣ ይህን እግር አላሽም" አለችው።

ካሳ ተቀየመ። አባቱንም ወንድሙንም ያሸች ሴት ለእሱ ሲሆን ምን ነካት? ሌላ ወጌሻ ጋ እንደሚሄድም ተናገረ። ዓሊማ አልተከራከረችም። ሻሿን አስተካክላ፣ ደጅ ወጥታ፣ ባጃጅ አስቁማ፣ እሱን ከኋላ አሳፍራ እግሩን ጭኗ ላይ እንዳይነካ አድርጋ ይዛ ቆቦ ወሰደችው።

ምርመራው ረጅም ሰዓት ፈጀ። ካሳ ስኳር ያለበት ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም ተባለ። የእግሩ ነርቭ ደንዝዟል፤ ሳያውቀው ሲረግጠው የከረመው እግር ውስጡ አጥንቶቹ መሰባበር ጀምረዋል። ሐኪሙ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ፣ ይህ እግር በኃይል ታሽቶ አንድ ሳምንት ቢረገጥ ኖሮ መቆረጡ አይቀርም ነበር አለ። ቁስሉን አጽድተው፣ መድኃኒት ጀምረው፣ እግሩ እንዳይረገጥ አሰሩለት።

ዓሊማ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሔራን ሰምታ መጣች። ከቀጠሮዋ ስለመቅረቷ ምንም አላነሳችባትም። አጠገቧ ተቀምጣ፣ መሣሪያ ሳይኖራት እንዴት እንዳወቀች ጠየቀቻት።

"እግሩ ዝም አለኝ" አለች ዓሊማ። "እግር ሲነኩት ይመልሳል። የእሱ ዝም አለ።"

ሔራን ይህን ስትሰማ ወደ እሷ ዞረች። ከዚያ እንዲህ ያለውን ነገር እሷ ከመጽሐፍ ለመማር ስንት ወር እንደፈጀባት ነገረቻት። ዓሊማ ግን ሙገሳ ፈልጋ አልነበረም።

"ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ነበር ወይ ሰው የማሸው?" አለቻት። "ጅማቱ ካልዞረ ምን ነበር የማደርገው?"

"ሰዎቹን ቀልሏቸዋል፤ እሱ እውነት ነው" አለች ሔራን። "እኛ ለምን እንደቀለላቸው ነው በደንብ የማናውቀው።"

እዚያው አግዳሚው ላይ ሆና አስረዳቻት። ከተረከዝ ተነስቶ ወደ ጣቶች የሚዘረጋ ወፍራም ሽፋን አለ፤ ሰው ብዙ ሲቆም፣ ጠንካራ መሬት ሲረግጥ፣ ባቱም ሲደክም እሱ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ይታመማል። ያንን ሽፋን የሰው አውራ ጣት ሊስበውም ሊያስረዝመውም አይችልም፤ በጣም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ቆዳውና ሥጋው በነርቭ የተሞላ ነው። የረጋ እጅ፣ በሽተኛው የሚያምነው እጅ ሲያርፍበት፣ ወሬው ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ይሄዳል፤ አንጎልም የሥቃዩን ጩኸት ዝቅ ያደርገዋል። ሕመም ፈርቶ የተኮማተረው ሥጋ ይላላል፣ ቁርጭምጭሚቱም ለጥቂት ጊዜ በደንብ ይታጠፋል። ይህን ሁሉ የምትናገረው "ሳይሆን አይቀርም" እያለች ነበር። የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው ገና ይከራከሩበታል አለች። እሷም በእርግጥ እንዲህ ነው ማለት አትችልም።

"የእጅ ሥራ ፋታ ይሰጣል" አለች። "በፋታው ውስጥ እግሩን ቀስ በቀስ ሥራ ማስለመድ ያስፈልጋል። ያ ካልተደረገ በሁለት በሦስት ቀን ሕመሙ ይመለሳል።"

ዓሊማ ቀና አለች። የእሷ የተመለሰው ልክ በሦስተኛው ቀን ነበር። ይበልጥ የገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህቺ ልጅ ጎንደር ድረስ ሄዳ ተምራ፣ እንዲያ ያለ እጅ ይዛ፣ አላውቅም ለማለት አታፍርም። ዓሊማ በአርባ ዓመት ውስጥ ለአንድም በሽተኛ ያንን ቃል ተናግራ አታውቅም። ጠንካራ የመሰላት የራሷ ቃል፣ ከዚህች ልጅ "አላውቅም" አጠገብ ሲቆም ደከመባት።

ያን ዕለት እዚያው ታሸች። ወረቀቱንም አውጥታ እንድታሳያት ጠየቀች። በማግስቱ ሮቢት ውስጥ ዓሊማ ደጃፏ ላይ ካለው የድንጋይ እርከን ጫፍ ላይ ቆማ፣ የተጠቀለለ ፎጣ በጣቶቿ ሥር አድርጋ፣ የበሩን መቃን ይዛ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ታየች። ቀስ ብሎ መውጣት፣ ላይ ትንሽ መቆየት፣ ቀስ ብሎ መውረድ። አስረሳሽ ከአጥሩ ማዶ አይታ ሳቀችባት። ዓሊማም እግሯ እንደታመመ፣ የምታክማትም ሴት ቆቦ እንዳለች በግልጽ ነገረቻት። ወሬው እስከ ማታ ድረስ ሮቢትን አዳረሰ። በሽተኞቿ ግን አልቀሩም፤ እንዲያውም ተረከዛቸውን ደብቀው የኖሩ ሦስት ሴቶች በዚያው ሳምንት መጡ።

መዳኑ ቶሎ አልመጣም። በየሁለት ቀኑ እርከኑ ላይ ትወጣለች፣ ጠፍጣፋውን የፕላስቲክ ጫማ ትታ ሥሩ ለስለስ ያለ ጫማ አደረገች፣ ሔራን ዘንድም ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። በሁለተኛው ወር ለውጥ አላየችም፤ ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር። በሦስተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ሱብሂ ሰግዳ ከጨረሰች በኋላ ነው ከአልጋ ስትወርድ እንዳልወጋት ያስታወሰችው። በአምስተኛው ወር ለእህቷ ልጅ ሠርግ ዋጃ ሄዳ ሙሉ ቀን ቆማ ዋለች። ማታ ትንሽ ሞቅ ብሎ አመማት፤ በማግስቱ ተወው።

ካሳም ከወራት በኋላ እግሩን ረገጠ። የዚያን ዓመት ሽንኩርት ለወንድሙ ነው የተወው፤ ያ አሁንም ይቆጨዋል። ዓሊማ ግን አላሽም ብላ እግሬን አተረፈችልኝ እያለ ለሚሰማው ሁሉ ያወራል።

በሰኔ መጀመሪያ ሔራን የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ ሮቢት መጣች። ዓሊማ ስትሠራ ለማየት ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ያንዲት ሴት ቁርጭምጭሚት ሲታይ ከአጠገብ ሆና ተመለከተች፤ ዓሊማ ጣቶቿን አጥንቱ ላይ እያስኬደች ስብራት እንደሌለው እንዴት እንደምትለይ ስታሳያትም ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ሴትዮዋ ጅማቴ ዞሯል ወይ ብላ ስትጠይቅ ሔራን አንገቷን ደፋች፤ ዓሊማን ሰው ፊት ማሳፈር አልፈለገችም። ዓሊማ ግን አልዞረም፣ ተጎድቷል እንጂ፣ አብሽሪ፣ ይድናል አለቻት።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ሻይ ቀረበ። ሔራን ብርጭቆውን ስታነሳ አውራ ጣቷን አለማሳረፏን ዓሊማ አየች። እጇን ተቀበለቻት። የአውራ ጣቷ ሥር አብጧል። በቀን አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጣት እየጫነች ሁለት ዓመት ሠርታ ነበር። ዓሊማ እንዲህ ከቀጠለች አርባ ዓመት ቀርቶ አሥርም እንደማትደርስ ነገረቻት። ከዚያ አስነስታ፣ ክንዷን ቀጥ አስደርጋ፣ በአውራ ጣት ከመጫን ይልቅ በተጨበጠ እጅ አንጓ፣ በትከሻና በገላ ክብደት እንዴት እንደሚጫን አሳየቻት፤ አባቷ የግመል ጭን ሲያሹ የሚያደርጉት ነበር። ሔራን በዓሊማ ባት ላይ ሞከረችው። መጀመሪያ ከበደ፤ ዓሊማ አረመቻት። ሁለተኛው ቀለል ያለ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ዓሊማ ዓይኗን ጨፍና፣ "አሁን ያዝሽው" አለቻት፤ ሔራንም አልተወችውም፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጋገመችው።